ድንበሩ ሳይዘጋ ንግዱ ሲዘጋ፤ ከማላባ ኬላ የሚወሰድ ትምህርት

አንድ መንግሥት “ድንበሬ ለሰው ተዘግቷል፤ ለዕቃ ግን ክፍት ነው” ብሎ ሲያስታውቅ ነጋዴው እፎይ ይላል። ዕቃዬ እስካልተከለከለ ድረስ ምን ቸገረኝ ማለቱም አይቀርም። የኮሮና ወረርሽኝ ዘመን ለምሥራቅ አፍሪካ ነጋዴ ያስተማረው ግን ይህ እፎይታ ያለጊዜው መሆኑን ነው። በየብስ ድንበር የሚያልፍ ዕቃ በራሱ እግር አይሄድም። ሾፌር አለው፣ ረዳት አለው። ሾፌሩ የቆመ ዕለት ዕቃውም አብሮ ይቆማል።

ለዚህ አባባል ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ የሚሆነው በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር ላይ የሚገኘው የማላባ ኬላ ነው። ከሞምባሳ ወደብ ተነስቶ ወደ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳ፣ ቡሩንዲ፣ ደቡብ ሱዳንና ምሥራቅ ኮንጎ የሚዘልቀው የሰሜን ኮሪደር ጭነት በአብዛኛው የሚያልፈው በማላባና በጎረቤቱ በቡሲያ በኩል ነው። ኡጋንዳ ወደብ የላትም። የምታስገባው ነዳጅም ቢሆን በአብዛኛው በኬንያ በኩል የሚመጣ ነው። አንድ በር ላይ የተንጠለጠለ ኢኮኖሚ ምን ሊገጥመው እንደሚችል ለማወቅ ለሚሻ የኢትዮጵያ ነጋዴ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም።

ዕቃው ይለፍ፣ ሰው ይቁም

የዓለም ጤና ድርጅት መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮናን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ ከሰየመ በኋላ ኬንያ በሁለተኛው ቀን፣ ኡጋንዳ ደግሞ መጋቢት 12 ቀን የመጀመሪያ ሕሙማኖቻቸውን አገኙ። ኡጋንዳ ወዲያው ድንበሯን ለመንገደኛ ዘጋች። የጭነት መኪኖች ግን ጥቂት ሠራተኛ ብቻ ይዘው እንዲያልፉ ተፈቀደላቸው።

በወረቀት ላይ ሲታይ ውሳኔው ንግድን የሚጎዳ አልነበረም። ችግሩ የጀመረው በሚያዝያ ወር ሲሆን፣ በምርመራ ከተገኙት የኡጋንዳ ሕሙማን ብዙዎቹ የከባድ መኪና ሾፌሮች ሆነው ተገኙ። በመጀመሪያ አሠራሩ ሾፌሩ ናሙና ሰጥቶ ጉዞውን እንዲቀጥል የሚፈቅድ ነበር። ውጤቱ ሲደርስ ግን ሰውየው ካምፓላ ገብቶ፣ በመንገድ ከብዙ ሰው ጋር ተገናኝቶ ሊገኝ ይችላል። የጤና ባለሥልጣናቱ ሥራ በአገሪቱ ውስጥ አንድን መኪና እያሳደዱ መፈለግ ሆነ። ስለዚህ ሕጉ ተለወጠ። ሾፌሩ ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ድንበር ላይ ይጠብቅ ተባለ።

ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር የኮሪደሩን መልክ ቀየረው። በዚያን ጊዜ ናሙናው የሚመረመረው ከድንበሩ ርቆ፣ በኢንቴቤ በሚገኘው የቫይረስ ምርምር ተቋም ነበርና፣ በማላባ የኬንያ ወገን የተሰለፉት መኪኖች በአሥሮች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ሰልፍ ሠሩ። ሾፌሮች ከመኪናቸው ሥር እያደሩ፣ ውኃና መጸዳጃ በሌለበት መንገድ ዳር ቀናትን አሳለፉ። በየመንደሩ የነበረው ሕዝብም እንደ በሽታ ተሸካሚ እያያቸው ምግብ ሊሸጥላቸው የማይፈልግበት ጊዜ ነበር። በግንቦት ወር የኡጋንዳ መንግሥት በድንበር ላይ በሽታው የተገኘባቸውን የውጭ አገር ሾፌሮች ከአገሪቱ የሕሙማን ቁጥር እንዲወጡ አደረገ። ሾፌሩ ለሁለት አገር እየሠራ በሁለቱም ዘንድ የማይቆጠር ሰው ሆነ ማለት ነው።

የሰልፍ ሒሳብ

ነጋዴው ከዚህ ታሪክ በመጀመሪያ ሊማር የሚገባው የሰልፍን ሒሳብ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ኬላ በቀን 300 መኪና ይመጣበታል እንበል። አዲሱ ሕግ ሲወጣ መርማሪዎቹ በቀን ማስተናገድ የሚችሉት 200 መኪና ብቻ ይሆናል። በየቀኑ 100 መኪና ይጠራቀማል። በአሥረኛው ቀን 1,000 መኪና ቆሟል። አንድ ተሳቢ ያለው መኪና ከፊቱና ከኋላው ካለው ክፍተት ጋር 20 ሜትር ቢይዝ ሰልፉ 20 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሕጉ ላላ፣ የኬላው አቅምም በቀን ወደ 350 ከፍ አለ እንበል። ነጋዴው “አበቃ፣ ተከፈተ” ብሎ ለደንበኛው ቀን ይቆርጣል። ነገር ግን በየቀኑ 300 አዲስ መኪና ስለሚመጣ ከተጠራቀመው የሚቀነሰው 50 ብቻ ነው። ሰልፉ ለመጥፋት 20 ተጨማሪ ቀናት ይፈጅበታል። አሥር ቀን የቆየ ሕግ የሠላሳ ቀን መዘግየት አስከተለ ማለት ነው። የድንበር ዜና ሲሰማ መጠየቅ ያለበት “ሕጉ ተነሳ ወይ?” ብቻ ሳይሆን “ከፊት ስንት መኪና ቆሟል?” የሚለው ነው።

ሁለተኛው ሒሳብ የመኪና ምልልስ ነው። በስድስት ቀን ደርሶ የሚመለስ መኪና በወር አምስት ጊዜ ይጭናል። ድንበር ላይ አራት ቀን ቢጨመርበት ምልልሱ አሥር ቀን ይሆንና በወር የሚጭነው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። አሥር መኪና ያለው ባለንብረት ከዚህ ቀደም በወር 50 ጭነት ያነሳ የነበረው አሁን 30 ያነሳል። መኪናው አልተበላሸም፣ ሾፌሩም አልቀረም፤ ነገር ግን ከአሥሩ አራቱን ግቢ ውስጥ እንዳቆማቸው ይቆጠራል። የማጓጓዣ ዋጋ ሰማይ የሚወጣው በባለመኪናው ስግብግብነት ብቻ አለመሆኑን ነጋዴውም ደላላውም ሊረዱት ይገባል። በገበያው ላይ የሚገኘው መኪና በእርግጥ አንሷል።

ሦስተኛው ሒሳብ የብር ነው። 10 ሚሊዮን ብር በ18 በመቶ ወለድ ተበድሮ ዕቃ ያመጣ ነጋዴ በየቀኑ ወደ 4,930 ብር ወለድ ይከፍላል። ዕቃው 12 ቀን ድንበር ላይ ቢቆም ወለዱ ብቻ ከ59 ሺህ ብር ይበልጣል። በዚህ ላይ የኮንቴይነሩ ዲመሬጅ፣ የመኪናው መቆሚያና የሾፌሩ አበል ሲደመር ትርፍ ተብሎ የታሰበው መንገድ ላይ ያልቃል።

ጎረቤቶች ምን አደረጉ?

ኬንያ ግንቦት 8 ቀን 2012 ዓ.ም. ከታንዛንያና ከሶማሊያ ጋር የሚያዋስናትን ድንበር ለሰው ዘግታ፣ የጭነት መኪና ሾፌሮች ከበሽታው ነጻ መሆናቸው በምርመራ ሲረጋገጥ ብቻ እንዲገቡ ወሰነች። በናማንጋ ኬላ ብዙ የታንዛንያ ሾፌሮች ወደኋላ ሲመለሱ፣ በታንዛንያ በኩል ያሉ ባለሥልጣናትም በኬንያ ሾፌሮች ላይ አጸፋውን መለሱ። የጤና ጉዳይ ተብሎ የተጀመረው የንግድ ፉክክር መልክ ያዘ። ሁለቱ አገሮች በንግግር የደረሱበት መፍትሔ፣ ሾፌሩ ከመነሳቱ በፊት በገዛ አገሩ ይመርመር፣ ምስክር ወረቀቱም በሌላው ወገን ይታመን የሚል ነበር።

ሩዋንዳ ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠች። በሩሱሞ ኬላ የታንዛንያው ሾፌር መኪናውን ለሩዋንዳዊ ሾፌር እንዲያስረክብ አዘዘች። በሽታን ለመከላከል ብልሃት ያለው ዘዴ ቢሆንም፣ መኪናውን ለማያውቀው ሰው አስረክብ የተባለው ሾፌር ተቃወመ። ዕቃው ቢጎድል፣ መኪናው ቢጋጭ ተጠያቂው ማን ነው? የኢንሹራንሱ ውል የተጻፈው በማን ስም ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ከጤና ጋር ባይገናኙም መኪናን ለማቆም የሚበቁ ነበሩ።

የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች በዚያው ዓመት የጭነትና የሾፌር መከታተያ ሥርዓት አቋቁመው የሾፌሩ የምርመራ ውጤት በስልክ እንዲታይና በአንዱ አገር የተሰጠው ውጤት በሌላው እንዲነበብ አደረጉ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ድንበርን የሚያፈጥነው የምርመራ ብዛት ሳይሆን ያንዱን ወረቀት ሌላው ማመኑ ነው።

የ30 ዶላር ጥያቄ

ይህ መተማመን ምን ያህል ስስ እንደነበር የታየው በጥር ወር 2014 ዓ.ም. ነው። ኡጋንዳ ወደ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተዘግተው የቆዩትን ትምህርት ቤቶቿን ጥር 2 ቀን ከፍታ ኢኮኖሚዋን ወደ ሙሉ ሥራ ስትመልስ፣ በየብስ ድንበር የሚገባ ሁሉ በቦታው እንዲመረመር፣ ለዚህም 30 የአሜሪካ ዶላር እንዲከፈል ጠየቀች። ሾፌሮቹ ምርመራው በየጉዞው የሚደጋገም፣ ገንዘቡም ከኪሳቸው የሚወጣ ነው ብለው መኪናቸውን አቆሙ። በማላባና በቡሲያ ሰልፉ እንደገና ተዘረጋ።

ከቆሙት መኪኖች ውስጥ የነዳጅ ቦቴዎች ይገኙበት ነበር። የኬንያ የነዳጅ ቧንቧ የሚደርሰው እስከ ኤልዶሬትና ኪሱሙ በመሆኑ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ በአብዛኛው የሚሸፍነው ቦቴ ነው። ትምህርት ቤቱም ንግዱም በተከፈተበት ሳምንት ነዳጅ ጠፋ። በአንዳንድ የኡጋንዳ አካባቢዎች የቤንዚን ዋጋ ከእጥፍ በላይ ወጣ። በመጨረሻ መንግሥት በሾፌሮች ላይ የጣለውን የግዴታ ምርመራ አቆመ።

የሒሳቡን ነገር ልብ ማለት ያሻል። ለአንድ ቦቴ ነዳጅ 30 ዶላር ኢምንት ነው። ለሾፌሩ ግን የቀናት የምግብ ገንዘብ ነው። ክፍያው የተጣለው ለመክፈል አቅም ባለው በዕቃው ባለቤት ላይ ሳይሆን አቅም በሌለው ሰው ላይ ነበር። በወቅቱ አስመጪዎቹ “ምርመራው በእኛ ሒሳብ” ብለው ቢነሱ ኖሮ ሰልፉ ቢያንስ ባጠረ ነበር። በቁጠባ ስም ለሾፌር የተነፈገው 30 ዶላር አገር ያህል ነገር ነዳጅ አሳጣ።

በሀብታም አገርም ያው ነው

ይህ የድሃ አገር ችግር ነው የሚል ካለ ወደ ሰሜን አሜሪካ ይመልከት። አሜሪካና ካናዳ ከመጋቢት 12 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ የጋራ ድንበራቸውን አስፈላጊ ላልሆነ ጉዞ ሲዘጉ የጭነት ሾፌሮችን ነጻ አድርገው ነበር። ወደ ሁለት ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ ግን ካናዳ ከጥር 7 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ አሜሪካም ከጥር 14 ቀን ጀምሮ ሾፌሮች የክትባት ማስረጃ እንዲያሳዩ አዘዙ። ተቃውሞው ተቀጣጥሎ ዲትሮይትንና ዊንዘርን የሚያገናኘው የአምባሳደር ድልድይ ከጥር 30 እስከ የካቲት 6 ቀን ተዘጋ። በሁለቱ አገሮች መካከል ከሚዘዋወረው ዕቃ ሩብ ያህሉ የሚያልፍበት ድልድይ በመሆኑ በሁለቱም ወገን ያሉ የመኪና ፋብሪካዎች ዕቃ እያለቀባቸው ሥራ ቀነሱ።

ካናዳ የጉዞ ገደቧን በሙሉ ያነሳችው መስከረም 21 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ አሜሪካም በየብስ በሚገቡ የውጭ አገር ሰዎች ላይ የጣለችውን የክትባት ግዴታ ያነሳችው ግንቦት 4 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ለአንድ ወር ይቆያል ተብሎ የተጀመረ የድንበር ሕግ ከሦስት ዓመት በላይ በልዩ ልዩ መልክ ቆየ።

ነጋዴው ሕጉን እንዴት ያንብብ?

ከነዚህ ልምዶች በመነሳት አንድ የድንበር መግቢያ ሕግ ሲወጣ አምስት ነገሮችን ለይቶ መመርመር ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ሕጉ የሚናገረው ስለ ማን ነው? ዕቃው፣ ሾፌሩ፣ ረዳቱና የዕቃው ባለቤት በሕግ ፊት አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዕቃውን ለማየት ድንበር የሚሻገር ነጋዴ መንገደኛ እንጂ ጭነት አይደለም። ዕቃው ሲያልፍ እርሱ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከየት ወዴት ነው? የ72 ሰዓት ምስክር ወረቀት በአብዛኛው የሚቆጠረው ውጤቱ ከወጣበት ሳይሆን ናሙናው ከተወሰደበት ሰዓት ጀምሮ ነው። ካናዳ ይህን ሕግ ስትሠራበት በአውሮፕላን ለሚመጣ ሰው ሰዓቱን እስከ በረራው መነሻ፣ በየብስ ለሚመጣ ግን ድንበሩ ላይ እስከሚደርስበት ድረስ ትቆጥር ነበር። ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ወረቀቱ እጁ ላይ ይሞትበታል።

ሦስተኛ፣ የማን ወረቀት ይታመናል? ምርመራው የተደረገበት ላቦራቶሪ በወዲያኛው ወገን የታወቀ ካልሆነ ምርመራው እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

አራተኛ፣ ከፋዩ ማን ነው? ይህ በጭነት ውሉ ላይ ካልተጻፈ ዕዳው በመጨረሻ በሾፌሩ ላይ ያርፋል፤ ከዚያም በመኪናው መቆም መልክ ተመልሶ ወደ ዕቃው ባለቤት ይመጣል።

አምስተኛ፣ ሕጉ በሁለቱም ወገን አንድ ነው ወይ? ካናዳ ለተከተቡ አሜሪካውያን ድንበሯን ነሐሴ 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ስትከፍት አሜሪካ ለካናዳውያን የየብስ በሯን የከፈተችው ጥቅምት 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር። ለሦስት ወር መንገዱ የአንድ ወገን ሆነ። መሄድ መቻል መመለስ መቻል አይደለም።

ውሉ ምን ይላል?

ዕቃው ዘግይቶ ጠብ ሲነሳ አብዛኛው ነጋዴ “ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ነው” በማለት ራሱን ይከላከላል። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ይህን በር በጠባቡ ነው የከፈተው። በአንቀጽ 1792 እንደተመለከተው ነገሩ ተዋዋዩ አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፍጹም መሰናክል የሚሆንበት መሆን አለበት። በአንቀጽ 1793 ከተዘረዘሩት ምሳሌዎች ውስጥ ውሉ እንዳይፈጸም የሚከለክል የመንግሥት ትእዛዝ ይገኝበታል። በአንቀጽ 1794 ደግሞ የባለዕዳውን ግዴታ ይበልጥ የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣቱ ከአቅም በላይ እንደሆነ ኃይል እንደማይቆጠር ተደንግጓል።

ልዩነቱ ለነጋዴ ትልቅ ነው። “ማንም አይለፍ” የሚል ትእዛዝና “ተመርምሮ፣ ከፍሎ፣ ጠብቆ ይለፍ” የሚል ትእዛዝ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ውልን ሊያስቆም ይችላል። ሁለተኛው ግን ሥራውን ያከበደው እንጂ የከለከለው አይደለም የሚል ክርክር ይገጥመዋል። በማላባ የሆነው በአብዛኛው ሁለተኛው ነበር። ከዚህም ሌላ አንድ ጊዜ የታየ ነገር ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ “ያልታሰበ ነው” ለማለት ያስቸግራል። ስለዚህ ከኮሮና ወዲህ የሚጻፍ የማጓጓዣ ውል ስለ ድንበር ምርመራ፣ ስለ መቆሚያ ቀንና ስለ ወጪ ድርሻ በግልጽ ሊናገር ይገባል።

ኢንሹራንስም ቢሆን መጠጊያ አይሆንም። በሰፊው የሚሠራበት የጭነት ኢንሹራንስ ውል፣ ሁሉንም አደጋ ይሸፍናል የሚባለው ጭምር፣ በመዘግየት ምክንያት የሚደርስን ጉዳት ከሽፋኑ ያወጣል። ባንክም እንዲሁ ነው። በኤልሲ ሥራ ባንኩ የሚያየው ሰነድ እንጂ መኪና አይደለም። መኪናው ሰልፍ ላይ ስለሆነ ብቻ የኤልሲው ማብቂያ ቀን በራሱ አይራዘምም። ቀኑ ሳያልፍ ማሻሻያ መጠየቅ የነጋዴው ፋንታ ነው።

ጋላፊን ማሰብ

የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚጓዘው በጅቡቲ በኩል ነው። መንግሥት መጋቢት 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የየብስ ድንበሮች ለሰው ዝውውር መዘጋታቸውን፣ አስፈላጊ ዕቃዎች ግን እንደሚገቡ ሲያስታውቅ ያው “ዕቃው ይለፍ” የሚለው አሠራር ነበር የተያዘው። ያን ጊዜ አገሪቱ በልታ ያደረችው የሰው ፊት እየፈራቸው በጋላፊ በኩል በተመላለሱ ሾፌሮች ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን አስቸኳይ ሁኔታ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ማብቃቱን ቢያስታውቅም የድንበር ምርመራ ጉዳይ አላበቃም። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ኬንያ የመጀመሪያውን የኤምፖክስ ሕመምተኛ ያገኘችው ከታንዛንያ ጋር በሚያዋስናት ኬላ ላይ ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው በድንበር ከተማዋ በሞያሌ ነበር። በሽታ የሚጓዘው ንግድ በሚጓዝበት መንገድ ነውና ድንበር ላይ የሚቆመው የጤና ሠራተኛ ከጉምሩክ ሠራተኛው እኩል የነጋዴው ጉዳይ ሆኗል።

ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ ከወዲሁ የሚያደርገው ነገር አለ። ጊዜ የማይሰጠውን ዕቃ በብዙ ሾፌር ከሚጓዝ ይልቅ በጥቂት ሠራተኛ ብዙ ኮንቴይነር በሚጎትተው ባቡር መጫን ይቻል እንደሆነ ይጠይቃል። ዋና ለሆነው ዕቃ የአንድ ወር መጠባበቂያ በመጋዘን ይይዛል። ከባለመኪናው ጋር ሲዋዋል የመቆሚያ ቀንን ዋጋ አስቀድሞ ይቆርጣል። የሾፌሩን የምርመራና የስንቅ ወጪም በራሱ ሒሳብ ያስገባል። በማላባ እንደታየው ከመኪናው፣ ከኮንቴይነሩና ከዕቃው ሁሉ ይልቅ ድንበሩን የሚያሻግረው መሪውን የጨበጠው ሰው ነው። በነጋዴው የወጪ ዝርዝር ውስጥም የመጀመሪያው መስመር የእርሱ ሊሆን ይገባል።